መግቢያው ሰፊ፣ መውጫውስ?

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ እያለ ከድምፅ ስር ይገባል)

 

ዛሬ የምናወራው ስለ ቤቲንግ ነው። «አሁን ሊቆጣን ነው» ብላችሁ ጣቢያ እንዳትቀይሩብኝ። ቁማር መጥፎ ነው የሚለውን ከአባት ከእናቱ፣ ከቄሱ ወይም ከሼኹ ያልሰማ ሰው በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። የዛሬው ጥያቄያችን ሌላ ነው።

አንድ የቤቲንግ ድርጅት ዛሬ የመጣውን ደንበኛ ነገም ከነገ ወዲያም የሚያስመልሰው በምን በምን ዘዴ ነው? ከእነዚህ ዘዴዎች ውስጥ ደህና ንግድ የሚባለው የቱ ነው? ወጥመድ የሚባለውስ?

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ምሳሌዎቼም በብዛት ከብሪታንያ ናቸው። ለምን ብትሉ፣ ቅዳሜና እሁድ ትኬት የምንቆርጥበት ኳስ የእነሱ ነው፤ በጉዳዩ ላይ ብዙ የተቀጡትም፣ ብዙ የጻፉትም እነሱ ናቸው።

(አጭር ሙዚቃ)

መቼም ደንበኛ ማቆየት ነውር አይደለም። ልብስ ሰፊን እናስብ። ሱሪያችሁ በልካችሁ ከመጣ ለበዓል ትመለሳላችሁ፤ ወንድማችሁንም ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ብር ሰጥታችሁ ሱሪ ይዛችሁ ወጥታችኋል። ሰፊው ያቆያችሁ በሥራው ነው።

የቤቲንግ ድርጅት ገቢስ ምንድን ነው? ደንበኞች ካስያዙት ብር ላይ ለአሸናፊዎቹ ተከፍሎ የሚተርፈው ነው። የደንበኞቹ ሁሉ ትርፍና ኪሳራ ተደምሮ ተቀንሶ የሚቀረው ኪሳራ፣ እሱ የድርጅቱ ገቢ ነው። እደግመዋለሁ፤ የደንበኞቹ ኪሳራ የድርጅቱ ገቢ ነው።

ታዲያ በሒሳብ ክፍሉ ዓይን ምርጡ ደንበኛ ማን ይመስላችኋል? በወር አንዴ የ50 ብር ትኬት ቆርጦ ከጓደኞቹ ጋር እየጮኸ ኳስ የሚያየው? ወይስ ደመወዙን በተቀበለ በሦስተኛው ቀን የሚጨርሰው?

(ፋታ)

ሒሳቡ ብቻ ከተጠየቀ፣ ሁለተኛው ነው። ኃላፊነት የሚባለው ነገር የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ሒሳቡ «ይሄን ሰው ያዘው» እያለ፣ ድርጅቱ «ይሄን ሰው ልልቀቀው» ማለት ይችላል ወይ? የዛሬው ዝግጅታችን በሙሉ በዚህች ጥያቄ ዙሪያ ነው።

ይህን ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም የምለው። የብሪታንያ የሎርዶች ምክር ቤት በ2020 ጉዳዩን አጥንቶ ባወጣው ዘገባ፣ የቁማር ኢንዱስትሪው ከትርፉ ከመቶ 60 የሚሆነውን የሚያገኘው ከመቶ 5 ከሚሆኑ ደንበኞች ነው ብሏል። እነዚያ ከመቶ አምስቱ እነማን ናቸው? ቀድሞውኑ በቁማር ችግር ውስጥ የገቡ ወይም ሊገቡ አፋፍ ላይ ያሉ ናቸው። እንግዲህ «ድርጅታችን አደገ» ሲባል ስንሰማ፣ በማን አደገ ብሎ መጠየቅ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ትኬቱ እንምጣ። እስክሪብቶ አያስፈልግም፤ በጣት የሚቆጠር ሒሳብ ነው።

አንድ ጨዋታ አለ እንበል። ከ2.5 ጎል በላይ ይገባል ወይስ በታች? ለሁለቱም ኦዱ፣ ማለትም የማባዣው ቁጥር፣ 1.90 ነው። እኔ በላይ ብዬ 100 ብር፣ እናንተ በታች ብላችሁ 100 ብር አስያዝን። ቤቱ ጋ፣ ማለትም ድርጅቱ ጋ፣ 200 ብር ገባ። ከሁለታችን አንዳችን አሸንፈን 190 ብር ወሰድን። አሥር ብር ቀረች። ያቺ አሥር ብር የቤቱ ናት፤ ከየመቶ ብራችን አምስት አምስት ብር ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ ቅሬታ የለኝም። ድርጅቱ ሠራተኛ አለው፣ ኪራይ አለው፣ ግብር አለው። አምስት ብር የአገልግሎት ዋጋ ነው ብንል ያስኬዳል።

ግን እኛ አገር በአንድ ጨዋታ ትኬት የሚቆርጥ ስንት ሰው ታውቃላችሁ? አምስት፣ ስምንት፣ አሥር ጨዋታ ነው የሚደረደረው። ኦዱ ሲባዛ ደስ ይላል፤ የቤቱም ድርሻ አብሮ ይባዛል። እንዲህ ዓይነት አምስት ጨዋታዎች አንድ ትኬት ላይ ሲደረደሩ ቤቱ በአማካይ ከመቶ ብር 23 ብር ያህል ይዞ ይቀራል። አሥር ጨዋታ ከሆነ ወደ 40 ብር ይጠጋል። አሁን ብዙ ጨዋታ ለደረደረ ሰው «ተጨማሪ ቦነስ» የሚሰጠው ለምን እንደሆነ ገባችሁ?

ሌላም ነገር አለ። አሥር ደርድራችሁ ዘጠኙ መጣ፣ አንዱ በ90ኛው ደቂቃ ተቃጠለ። ምን ይሰማችኋል? «ለጥቂት አመለጠኝ!» ያ ስሜት በቀጣዩ ቅዳሜ ይመልሳችኋል። በሒሳብ ግን በአንድ የተቃጠለና በዘጠኝ የተቃጠለ ትኬት ልዩነት የላቸውም፤ ሁለቱም ባዶ ናቸው። ለጥቂት ማምለጡ ለሚቀጥለው ትኬት ምንም አያዋጣም። ይህን ለጓደኞቻችሁ ስትነግሩ ይስቁባችኋል፤ ይሳቁ፣ ንገሯቸው።

(ፋታ)

አሁን ደግሞ ስለ አውሮፕላኗ። አቪዬተር የምትባለዋን የማያውቅ ወጣት ካለ እጁን ያውጣ! ስፕራይብ የተባለ ኩባንያ በ2019 ያወጣት ጨዋታ ናት። አውሮፕላኗ ትነሳለች፣ ብዜቱ ይጨምራል፣ ሳትጠፋ ካሽ አውት ማድረግ፣ ማለትም የደረሰበትን ይዞ መውጣት ነው። ሠሪዎቹ ከመቶ 97ቱ ለተጫዋች ይመለሳል ይላሉ። ከመቶ ሦስት ብቻ ለቤቱ!

እንዴ፣ ታዲያ ይሄ ከኳሱ አይሻልም? አምስት ብር ከሚወስድ ሦስት ብር የሚወስድ አይሻልም?

እስቲ እንይ። በ20 ብር የአንድ ጨዋታ ትኬት ቆርጣችሁ ቅዳሜን ኳስ እያያችሁ ብትውሉ፣ የቤቱ ድርሻ በአማካይ አንድ ብር ናት። አውሮፕላኗ ላይ ግን በየዙሩ 20 ብር እያደረጋችሁ በአንድ ሰዓት መቶ ዙር ልትጫወቱ ትችላላችሁ። ያስያዛችሁት 20 ብር ይመስላችኋል፤ ተደምሮ ግን 2000 ብር አስይዛችኋል። ከዚያ ላይ ከመቶ ሦስት ስንል 60 ብር። በአንድ ሰዓት! እሱም በአማካይ ነው፤ የተናደደ ሰው በአማካይ አይጫወትም፣ የጠፋውን ለመመለስ እጥፍ እያደረገ ነው የሚጫወተው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ዋጋው ያለው ፍጥነቱ ውስጥ ነው። ልድገመው፤ ፈጣን ጨዋታ ላይ ዋጋው ፍጥነቱ ነው። ብሪታንያዎች ይህን አይተው በኦንላይን የስሎት ማሽኖች ላይ በ2021 ሕግ አወጡ። አንድ ዙር ከ2.5 ሰከንድ ማነስ የለበትም አሉ። ራሱ እየደጋገመ የሚጫወትበት ቁልፍ ተነሳ። አሥር አስይዞ አራት ለተመለሰለት ሰው ደወልና መብራት እያበሩ «አሸነፍክ» ማለትም ተከለከለ። ስድስት ብር የተበላን ሰው እንኳን ደስ አለህ ይሉት ነበር፣ አስቡት! በ2025 ደግሞ የማስያዣ ጣሪያ ተጨመረ፤ ዕድሜው 25 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው በአንድ ዙር 5 ፓውንድ፣ ከ18 እስከ 24 ዓመት ላለ ወጣት 2 ፓውንድ።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ቦነስ እንሂድ። «ተመዝገቡ፣ 500 ብር ቦነስ ውሰዱ» የሚል መልእክት ስልካችሁ ላይ ገብቶ ያውቃል? በነጻ 500 ብር፤ ማን ይጠላል!

ግን ከሥሩ በትንንሽ ፊደል የተጻፈ ነገር አለ። ቦነሱን ይህን ያህል ጊዜ ካላዞራችሁ ማውጣት አትችሉም ይላል። ሠላሳ ጊዜ ነው እንበል። 500 ሲባዛ በ30፣ 15,000 ብር ነው። ያን ያህል አስይዛችሁ መጫወት አለባችሁ ማለት ነው። ከየመቶው አምስት ብር ለቤቱ ከቀረ፣ ከ15,000 ላይ በአማካይ 750 ብር ይቀራል። 500 ሰጥቶ 750 መቀበል። ስጦታ ነው ይሄ?

የብሪታንያ የቁማር ኮሚሽን በ2025 ለዚህ ጣሪያ አበጀ፤ ከአሥር እጥፍ በላይ ማስዞር አይቻልም አለ። ስዊድኖች ደግሞ ከዚያ አስቀድመው፣ ከ2019 መጀመሪያ ጀምሮ፣ ቦነስ አንዴ ብቻ ነው አሉ፤ ደንበኛው መጀመሪያ ሲመጣ። ሊተው ሲል በቦነስ መጎተት ቀረ። ለእኔ የስዊድኑ ይበልጣል። ጎጂው ቦነስ በር ላይ የሚሰጠው አይደለምና፤ ለሁለት ሳምንት ጠፍቶ የነበረ፣ ምናልባትም ለመተው የቆረጠ ሰው ስልክ ላይ «ናፈቅከን» ብሎ የሚመጣው ነው።

(ፋታ)

አሁን በጣም ወደምፈልገው ነጥብ ደረስኩ። ድርጅቶቹ ብዙ ጊዜ «ማን እንደተጎዳ በምን እናውቃለን? እኛ ሐኪም አይደለንም» ይላሉ። እውነት አያውቁም?

ውጭ አገር ባሉ ትልልቅ የቤቲንግ ድርጅቶች ዘንድ የታወቀ አሠራር አለ። ደጋግሞ የሚያሸንፍ ደንበኛ ሲመጣ ሲስተሙ ይለየዋል፤ ከዚያ በኋላ ሊያስይዝ የሚችለው ብር ይገደብበታል። ሰው አይደውልም፣ ሽማግሌ አይላክም፤ አንድ ቀን ሲከፍት ተገድቦ ያገኘዋል። እንግዲህ የሚያሸንፈውን በዚህ ፍጥነት የሚለይ ሲስተም፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለአምስተኛ ጊዜ ብር የሚያስገባውን ሰው መለየት ያቅተዋል? ለሚያሸንፈው የሚሠራ ገደብ ለሚሰምጠው የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ሳይለዩ ሲቀሩ ምን እንደሚሆን በ2023 ታይቷል። ዊሊያም ሂል የተባለው የብሪታንያ አንጋፋ አቋማሪ ቡድን 19.2 ሚሊዮን ፓውንድ እንዲከፍል ተደረገ። ከጥፋቶቹ መካከል አንዱን ልንገራችሁ። አንድ ሰው አዲስ አካውንት ከፈተ፤ በ20 ደቂቃ ውስጥ 23,000 ፓውንድ ለቁማር አወጣ። ገንዘቡ ከየት መጣ፣ ደህና ነህ ወይ ብሎ የጠየቀው አልነበረም። ሃያ ደቂቃ፣ አድማጮቼ። ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ።

በሌላ በኩል ለየት ያለ ነገር የሞከረም አለ። ቀድሞ ዩኒቤት ይባል የነበረው ኪንድረድ የተባለ የቤቲንግ ድርጅት፣ ከገቢዬ ውስጥ ምን ያህሉ ጉዳት ላይ ካሉ ደንበኞች ይመጣል የሚለውን ከ2021 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ ለሕዝብ ማውጣት ጀመረ። ግቡ በ2023 ዜሮ ማድረስ ነበር። ዜሮ አልደረሰም፤ ከመቶ ሦስት በላይ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ምን እንበለው? ራሱ ሰፍሮ ራሱ የመዘነው ቁጥር ስለሆነ እኔ ሙሉ ለሙሉ አልምልበትም። ቢሆንም ቁጥሩን ማውጣቱ ቁም ነገር ነው። ዜሮ እንዳልደረሰ የምናውቀው ራሱ ስለነገረን ነው። የእኛዎቹ ድርጅቶች የማሊያና የውድድር ስፖንሰር ሲሆኑ ጋዜጠኞች የሚጠይቋቸው የስፖንሰሩን መጠን ነው። ይህችን ጥያቄም ቢጨምሩ ምን ይላቸዋል? ከገቢያችሁ ስንቱ ብዙ ከሚሸነፉ ጥቂት ሰዎች ነው?

ስፖንሰር ካነሳን አይቀር፣ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦች የቁማር ድርጅት ስም ከማሊያቸው ፊት ለማንሳት በ2023 ተስማምተዋል፤ የመጨረሻው የ2025/26 የውድድር ዘመን እንዲሆን። እጅጌው ላይ ግን አልተከለከለም። እሱን ለእናንተ ትዝብት ልተወው።

(አጭር ሙዚቃ)

እስካሁን ያነሳነው መግቢያውንና ውስጡን ነው። አንድን ድርጅት ለመመዘን እኔ የምመለከተው ግን መውጫውን ነው። ብር ለማስገባት አንድ ንክኪ በቂ ነው፤ ለማውጣትስ? አካውንት ለመክፈት ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፤ ለመዝጋትስ?

ከዚህ በፊት ብሪታንያ ውስጥ እንዲህ ያለ ዘዴ ነበር። አሸንፋችሁ «ብሬን አውጡልኝ» ትላላችሁ። ብሩ ወዲያው አይወጣም፤ ይቆያል። በቆየበት ጊዜ ግን «ሐሳብዎን ቀየሩ? ይመልሱትና ይጫወቱ» የሚል ቁልፍ ፊታችሁ ይቀመጣል። ሌሊቱን ያ ብር ስንቱን ሰው ጠርቶት ይሆን! ይህ አሠራር በ2021 ጨርሶ ተከለከለ። ያሸነፈ ሰው አውጣልኝ ካለ ማውጣት ብቻ።

ከዚያም ራስን የማገድ መዝገብ አለ። ብሪታንያ ውስጥ ጋምስቶፕ ይባላል፤ ከማርች 2020 ወዲህ ፈቃድ ያለው የኦንላይን አቋማሪ ሁሉ እንዲገባበት ተገድዷል። አንድ ሰው አንዴ ይመዘገባል፤ ለስድስት ወር፣ ለአንድ ዓመት ወይም ለአምስት ዓመት ሁሉም በር በአንድ ጊዜ ይዘጋበታል። ስዊድን ስፔልፓውስ የሚል አላት፤ አውስትራሊያም በ2023 ቤትስቶፕን ከፍታለች። እንግሊዝ አገር ሆናችሁ የምትሰሙን ወገኖቻችን፣ ጋምስቶፕ በነጻ ነው፤ የምታውቁት ሰው ካለ ንገሩት።

«ሁሉም» የሚለው ቃል ላይ አስምሩልኝ። ከአንዱ ቤት ታግዶ ማዶ ያለው ቤት ከገባ ምን ዋጋ አለው? እኛ አገር ለስፖርት ውርርድ ፈቃድ ሲሰጥ የቆየው ብሔራዊ ሎተሪ ነው። ፈቃድ የሚሰጥ አካል ደግሞ ከፈቃዱ ጋር ቅድመ ሁኔታ ማያያዝ ይችላል። አንድ የጋራ መዝገብ፣ አንድ የመዝጊያ ቁልፍ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በሌሎቹም ቋንቋዎች። በስልክ ቁጥርና በመታወቂያ ከሆነ ቴክኖሎጂው የሚያቅት አይመስለኝም።

ብድርንም አንርሳ። ብሪታንያ በኤፕሪል 2020 በክሬዲት ካርድ መቆመርን ከልክላለች፤ በሌለ ብር አትጫወት ነው ነገሩ። ክሬዲት ካርድ እኛን ብዙም አይነካን ይሆናል። ነገር ግን በስልክ የሚወሰደው አነስተኛ ብድርስ? ብድሩ የሚገባው እዚያው ብር የምናስገባበት ስልክ ላይ ነው፤ ከብድር እስከ ትኬት ያለው ርቀት ሁለት ንክኪ ነው። ለወፍጮ፣ ለቆሎ ንግድ፣ ለትምህርት ቤት ክፍያ የተባለ ብድር እዚያ እንዳይሄድ እያንዳንዱ ቤተሰብ ቢነጋገርበት ደስ ይለኛል።

(ፋታ)

እናቶች፣ አባቶች፣ ታላላቅ ወንድሞችና እህቶች፣ ለእናንተ አንድ ነገር ብቻ። ልጁን «ስንት ተበላህ?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ይዋሻችኋል። «ብር ለማውጣት ስንት ቀን ይፈጅብሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። ብዙ ጊዜ መልሱ «አውጥቼ አላውቅም» ነው። ወሬው ከዚያ ይቀጥላል።

ለምትጫወቱት ደግሞ የቤት ሥራ አለኝ። ዛሬ ማታ አፑን ክፈቱ፤ ለመጫወት አይደለም። አንደኛ፣ በቀን ወይም በሳምንት የምታስገቡትን ብር የምትገድቡበት ቦታ ፈልጉ። ሁለተኛ፣ እስከ ዛሬ ያስገባችሁትና ያወጣችሁት ድምር የሚታይበትን ገጽ ፈልጉ፤ ከሌለ የቴሌብር ወይም የባንክ መልእክቶቻችሁን ወደ ኋላ እየሄዳችሁ ደምሩ። ሦስተኛ፣ አካውንት መዝጊያው የት ነው? ስንት ጊዜ ነክታችሁ እንደደረሳችሁበት ቁጠሩ፤ ብር ማስገቢያውንም እንዲሁ ቁጠሩና አወዳድሩ።

ያገኛችሁትን ጽፋችሁ ላኩልን፤ ስም አያስፈልግም። በቤቲንግ ድርጅት ውስጥ የምትሠሩ ካላችሁም እናንተ ስለ መውጫው በር የምታውቁትን ንገሩን፤ ለመስማት ጓጉተናል። በሚቀጥለው ሳምንት መልሶቻችሁን እያነበብን፣ በስልክ ስለሚወሰደው አነስተኛ ብድር፣ ስለ ወለዱና ስለ መቀጫው እንነጋገራለን። እስከዚያው ደኅና ሰንብቱ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)